በረቱ ከቤቱ ሲበልጥ

ስህተቱ አንድ ነው፤ ለከብት የተሠራው ቤት ለሰው ከተሠራው በለጠ። ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

በረቶቹን ያሠራው የመንግሥት ፈንድ ክፋት አልነበረበትም። ተራሮቹ ተራቁተው፣ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ቆላ እየወረደ ሲያልቅ፣ መንግሥት ያለ የሌለ አቅሙን አንድ ነገር ላይ አዋለ። ከብት ከሜዳ ይነሣ፣ በረት ይግባ፣ በረቱን መንግሥት ይሥራ አለ። ተሳካም። ልቅ ግጦሽ የሚባለው ነገር ዛሬ በደጎ አምባ ያለው በሽማግሌዎች ወሬ ውስጥ ብቻ ነው። ተራራው ለብሷል። ደርቀው የነበሩ ምንጮች ተመልሰዋል። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። በላዩ ላይ በራሪ ጠባቂዎች ያንዣብባሉ፤ ከፈንዱ ማጨጃ በቀር አንዲት ዘለላ የሚነካ የለም።

ችግሩ የደጎ አምባ ቤቶች ክዳን ያ ሣር መሆኑ ነበር። ሣሩ ከተከለለ ወዲህ እንደ አዲስ የተከደነ ቤት የለም። ቆርቆሮ የሞከሩ ነበሩ። ግማሹን ነፋስ ወሰደው፤ የቀረው ብርዱን አላስጥል አለ። በረቱ ግን ግድግዳው ድርብ ነው። ወለሉ ይሞቃል፣ አየሩ ይጣራል፣ ውሃ በቧንቧ ይመጣል፣ እበቱ ወዲያው ተጠርጎ ጋዝ ሆኖ ይመለሳል። ከብቶቹ ከተወለዱ ጀምሮ ዝናብ ነክቷቸው አያውቅም። ባለቤቶቻቸው ግን ከጎን ባለው ቤት በሚያፈስ ጣሪያ ስር ሳፋና ባልዲ ደርድረው ያድሩ ነበር።

ስለዚህ ሰዎቹ ገቡ።

ገባሁ ያለ ማንም የለም። አንዱ ላሜ ልትወልድ ነው ብሎ አደረ፤ ወለደችም፣ እሱ ግን አልወጣም። ሌላዋ ልጄን ሳል ይዞታል፣ እስኪሻለው ነው አለች። ድሮም የደጎ አምባ ሰው ከከብቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ስር ነበር የሚያድረው፤ ከታች ጋጣ፣ ከላይ ቆጥ፣ የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ። የጤና ሠራተኞች ለሦስት ትውልድ እየተመላለሱ “ለዩ!” ሲሏቸው ኖረው በመጨረሻ ለይተው ነበር። አሁን እንደገና ተቀላቀሉ። ልዩነቱ፣ በዚህኛው ጊዜ እንግዶቹ ሰዎቹ መሆናቸው ነው።

ሕጉ አጭር ነው፤ ሰው ያደረበት በረት ይታገዳል።

ብርቄ፣ ባሏ አስናቀና አማቷ እማማ ሜሮን በረት ውስጥ ማደር የጀመሩት ከመስቀል በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት የመጀመሪያ ልጃቸውን በቤቱ ብርድ አጥተዋል። ሳንባው ላይ ወረደበት፣ ሦስት ቀን አልቆየም። ብርቄ ሁለተኛዋን ስታረግዝ ክርክር አልነበረም። አስናቀ ዕንጨት ተሸክሞ ገባና ቆጥ ሠራ። የሠራው ልክ ከአየር መውጫው ስር ነው፤ የተኙ ሰዎች ትንፋሽ የበረቱን ትንፋሽ የሚለካው ቆጣሪ ጋ ሳይደርስ ተስቦ ይወጣል። በዚህ ኮርቶ ነበር።

“መሐንዲስ ብሆን ኖሮ” አለ ሲጨርስ።

“መሐንዲስ ብትሆን ኖሮ ቤቱን ትጠግን ነበር” አለችው እናቱ።

ቆጣሪው በደጎ አምባ ከቄሱ ቀጥሎ የሚፈራ ነገር ነው። በየማለዳው ሬዲዮው ከዜና በፊት የየአምባውን የከብት ትንፋሽ ልክ ያነባል። እገሌ አምባ በልኩ፣ እገሌ አምባ ከልኩ በላይ። ከልኩ ያለፈ አምባ የመኖ መስመሩ ይቀነስበታል። ሰዎች ሲገናኙ ደህና አደራችሁ ብለው “በልኩ ነን?” ይባባላሉ። ከብት የደበቀ ጎረቤት የሁሉንም መኖ ያስቀንሳልና፣ አንዱ የሌላውን በረት በጆሮው ሲጠብቅ ይውላል።

ልጅቷ የተወለደችው እዚያው በረት ውስጥ ነው። ብርቄ በረት ገብታ ለመውለድ አላሰበችም፤ ምጡ ቀደማት። እማማ ሜሮን ግን አላፈሩም። “ከእሷ በፊትም በበረት የተወለደ አለ፣ ማንም አልናቀውም” ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

ያን ሰሞን ዳለቻ፣ የቤቱ ትልቋ ላም፣ የሞተ ጥጃ ወልዳ ነበር። የሞተ አይተነፍስም፤ ስለዚህ በረቱ አልሰማም። ልጅቷ ስታለቅስ ግን ሰማ።

“አዲስ ትንፋሽ ሰምቻለሁ” አለ በረቱ በቆጣሪው በኩል፣ በተለሳለሰ የወንድ ድምፅ። “ዳለቻ ወልዳለች?”

አስናቀ ብርቄን አያት። 

“አዎ” አለ።

“ወንድ ነው ሴት?”

“ሴት።”

“እንኳን ማርያም ማረቻት።”

“ማርያም ታኑርህ” አሉ እማማ ሜሮን ሳያስቡት፤ አስናቀ አፋቸውን በእጁ ሊከድን ደረሰ።

በረቱ ምንም አልጠረጠረም። የጥጃ መብራቱን አበራ። ይህ ለአዲስ ጥጃ የሚበራ ቀይ የሙቀት መብራት ነው። ከስሩ ያለው ገለባ እንደ ፀሐይ ይሞቃል። ልጅቷን እዚያ አስተኟት፤ ማልቀሷን ተወች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላሳላትም።

የቀረው ችግር ዳለቻ ነበረች። የአገር ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን ትይዛለች። አስናቀ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፈፈ፣ ገለባ ጠቀጠቀበት፣ በአራት ዕንጨት አቆመው። አያቶቹ ያደርጉት የነበረ ነገር ነው። ዳለቻ ላሰችው፣ ወተቷንም ለቀቀች። በረቱ ወተት እንዳለ አየ፣ ትንፋሽ እንዳለ ሰማ፣ ለጥጃ የሚሰጠውን የጆሮ ቁጥር ለልጅቷ ሰጣት። ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰለ።

አስናቀ አንድ ነገር ዘንግቶ ነበር። የፈንዱ ውል፣ በአዲስ በረት የምትወለድ የመጀመሪያ ሴት ጥጃ እግሯ ሲጠና ከብት ለሌለው ባለተራ ትሰጣለች ይላል። ዳለቻ ራሷ ወደዚህ ቤት የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። ባለተራዋ እትዬ ተዋበች ነበሩ።

*

እትዬ ተዋበች ገመድ ይዘው መጡ። አዲስ የተገመደ፣ ጫፉ በቀይ ጨርቅ የተቋጠረ ገመድ ነው። ባላቸውን ቀብረው፣ ከብቶቻቸውን በበሽታ ጨርሰው፣ ፈንዱ የሠራላቸውን በረት ባዶውን ሲያዩት ኖረዋል። ተራቸውን ሲጠብቁ ሁለት ክረምት አልፏል። አብራቸው የመጣችው ረድኤት ናት፤ የፈንዱ ባለሙያ፣ ገና ወጣት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ፊቷ ሌላ ሰባት በረት የሚቀራት ሰው ፊት።

“ጤና ይስጥልን። ጥጃዋን አይተው ተቀበልኩ ይበሉ፣ እኔ ልሂድ” አለች ረድኤት።

አስናቀ በሩ ላይ ቆመ። “ዛሬ አልጠናችም። አሟታል።”

“ምኗን?”

“እንዲሁ... ፈዘዝ ብላለች።”

“የታመመች ከሆነ ደግሞ ማየት አለብኝ” ብላ በጎኑ አለፈች።

ብርቄ ልጅቷን ከመብራቱ ስር አንስታ ወደ ቆጡ ለመውጣት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ነበር። እዚያው ቀረች። ነጠላዋን ልጅቷ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

እትዬ ተዋበች ማንንም አላዩም። ዓይናቸው ዳለቻ ጎን የቆመው ጥጃ ላይ ነበር።

“ኧረ የኔ ቆንጆ! ኧረ የኔ እመቤት! እንዴት ጭምት ናት እባካችሁ” አሉ። ቀርበው ገመዱን አንገቱ ላይ አጠለቁ። “ነይ እንግዲህ። ነይ ቤትሽ።”

አልመጣችም።

“እልኸኛ ናት። እወዳለሁ እልኸኛ” ብለው ሳቡ።

አንገቱ ተቀነጠሰ። ገለባ በእግራቸው ላይ ፈሰሰ። ዳለቻ ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን ገለባ መብላት ጀመረች።

 ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች።

“ጥጃዋ ተርባለች” አለ በረቱ። “ዳለቻን ላቅርብ?”

ረድኤት ወደ ደረጃው ዞረች። ብርቄም ዞረች። ልጅቷ በነጠላው ውስጥ እጆቿን እያወናጨፈች ነበር።

“የኔ ጥጃ ይቺ ናት?” አሉ እትዬ ተዋበች፣ የተቀነጠሰውን ራስ በገመድ አንጠልጥለው።

አስናቀ መሬት መሬት አየ። “እትዬ ተዋበች፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“ምኑን ነው ይቅር የምልህ? ሁለት ዓመት ጠብቄ ፍራሽ ሰጠኸኝ!”

“ሞቶ ተወለደ። በረቱ ሲጠይቀኝ...”

“በረቱ ሲጠይቅህ ልጅህን ላም አደረግሃት። ጎሽ! ጡት ስትጥል መጥቼ ልውሰዳት?”

እማማ ሜሮን ከቆጡ ላይ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ራሳቸውን አጋለጡ። ረድኤት አንጋጣ አየቻቸው። ቆጡን አየች፣ የተነጠፈውን የሱፍ ባና አየች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የልጅ ልብስ አየች፣ ከላይ ያለውን የአየር መውጫ አየች።

“ከመውጫው ስር” አለች። “በዚህ ሳምንት አምስተኛዬ ነው። ሁላችሁም እዚያው ጋ ነው የምትሠሩት።”

አስናቀን ክፉኛ ቅር አለው፤ የራሱ ብልሃት መስሎት ነበር።

“ምን ታደርጊናለሽ?” አለች ብርቄ። ከወለደች ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ረድኤት ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ደክሟታል፤ ከጉልበቷ ይልቅ ግን ትዕግሥቷ ነበር ያለቀው።

“ላደርግ የምችለውን ልንገርሽ። አንደኛ፣ ጥጃዋ ሞተች ብዬ አልፋለሁ። የሞተ ጥጃ ቅጣት የለውም፤ ያኔውኑ ብትናገሩ ማንም አይነካችሁም ነበር። ግን ጥጃ ከሌለ መብራቱ ይጠፋል፤ ማታ ደግሞ ይቺ ስታለቅስ በረቱ ይሰማታል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ።”

“ወደዚያ ቤት?” አለች ብርቄ።

“ሁለተኛ፣ ምንም አላየሁም እላለሁ። ያኔ እሳቸው ጥጃ ተቀብለዋል ተብሎ ተራቸው ይዘጋል።”

“አይዘጋም!” አሉ እትዬ ተዋበች። “ይቺ ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ተራዬን ስትዘጋው ዝም የምል መስሏታል እንዴ?”

“ዝም አይበሉ። ሦስተኛ፣ እውነቱን ለበረቱ ትነግሩታላችሁ። በራሳችሁ አፍ፣ ቆጣሪው ፊት ቆማችሁ፤ የኔም ሆነ የሩቅ ወሬ አይቆጠርም። ያኔ በረቱ ይታገዳል። ከብቶቹ ወደ ማኅበሩ የጋራ በረት ይነዳሉ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ የፈንዱ ኮሚቴ ተቀምጦ እስኪወስን።”

“ኮሚቴው መቼ ይቀመጣል?” አለ አስናቀ።

“ኮሚቴ እኮ ነው።”

እማማ ሜሮን ከላይ ሆነው፣ “ይቺ ልጅ ሦስት መንገድ ብላ ሦስት ገደል አሳየችን” አሉ።

“አልጨረስኩም እማማ።” ረድኤት ተነሣች። “ፈንዱ ውስጥ ለሰው መኖሪያ የተያዘ ድርሻ አለ። ከታች በረት፣ ከላይ መኖሪያ፤ ንድፉ ካለቀ ቆይቷል። የሚለቀቀው አምባው የመኖሪያ ችግር እንዳለበት ሲያሳውቅ ነው። የሚያሳውቀው ደግሞ ሰው በረት ውስጥ እያደርኩ ነው ሲል ነው። ከደጎ አምባ እንዲህ ያለ ሰው ስንት ነው?”

ራሷ መለሰችው።

“አንድም የለም። ከተማ ባለው ካርታ ላይ ደጎ አምባ ቤት የሞላለት ቦታ ነው። አረንጓዴ ቀለም ተቀብታችኋል።”

“ይኼን ቀድመሽ አትነግሪንም ነበር?” አለች ብርቄ።

“ነግሬያለሁ። በስብሰባ፣ ለመላው አምባ። በረት የሚያድር አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሁላችሁም ‘ኧረ ምን ቆርጦን!’ አላችሁ። ከዚያ አጨበጨባችሁ። አቶ አስናቀ የመዝጊያ ንግግር አድርጓል።”

አስናቀ ጉሮሮውን ጠረገ።

“አንድ በረት ብቻ ከተናገረ የባለቤቱ ጥፋት ነው፤ ይታገዳል” አለች ረድኤት። “የአምባው እኩሌታ ከተናገረ ግን የንድፍ ጥፋት ይባላል። ለንድፍ ጥፋት ከብት አይነዳም፣ ቤት ይሠራል። በረቶቹ የቀኑን ወሬ ወደ ከተማ የሚልኩት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በአንድ ቀን መሆን አለበት። እኔ ደግሞ ሰው ቀስቅሳለች ከተባልኩ ሥራዬን አጣለሁ፤ ስለዚህ ምንም አልነገርኳችሁም።”

ብርቄ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ ማልቀሷን ትታ ነበር፤ መብራቱን ታያለች። ጉንጯ ቀልቷል፣ ትንፋሿ ንጹህ ነው። ወንድሟ በዚህ ዕድሜው በየትንፋሹ ያፏጭ ነበር።

“እኩሌታው ባይናገርስ?” አለች።

“ያኔ ዛሬ ማታ እዚያ ቤት ናችሁ። ከብትም የላችሁም።”

“ተናገሩ የምንላቸው እኮ ጎረቤቶቻችን ናቸው” አለ አስናቀ። “ሁሉም ሌላው መጀመሪያ ይናገር ነው የሚለው። ብርቄ፣ እኔን ስሚኝ። የመጀመሪያውን እንቀበል። ጥጃ ሞተ። ቤቱን ዛሬ ጣሪያውን ላስቲክ አለብሰዋለሁ።”

“ባለፈውም ላስቲክ አልብሰኸው ነበር” አለች ብርቄ።



“እኔ እናገራለሁ” አሉ እትዬ ተዋበች ድንገት።

ሁሉም አዩአቸው።

“ምን ታፈጡብኛላችሁ? ባዶ በረት ነው፣ ምን ይነዱብኛል?”

“በባዶ በረት ማን ያድራል?” አለች ረድኤት።

“እኔ ነኛ! ቤቴ ከፈረሰ ዓመቱ። ቆጣሪው ከብት ከሌለ ትንፋሽ አይቆጥር፤ ለብቻዬ እንደ ንግሥት ተንጣልዬ ነው የምተኛው።” ገመዱን በክንዳቸው ጠቀለሉ። “ተራዬ ግን አይነካም። ከዳለቻ የሚቀጥለው የኔ ነው፣ ሴት ሆነ ወንድ። ሰማህ አስናቀ?”

“ሰማሁ።”

“ፍራሽ ደግሞ አልቀበልም።”

ብርቄ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ቆጣሪው ቀረበች። ቆጣሪው ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ክብ መስኮት ናት። ለእሷ ማውራት ለሰው እንደማውራት አልነበረም። የባሰ ነበር፤ ሰው ቢሆን ፊቱን አይተህ ቃልህን ትቀይራለህ።

“ስማ” አለች። “ዳለቻ የወለደችው ሞቷል። ያለቀሰችው ልጄ ናት።”

“ልጅ ማለት ጥጃ ነው?” አለ በረቱ።

“ሰው ናት። ሰው።”

 የመኖ መስመሩ ቆመ። ከዚያ፣ “በዚህ በረት ስንት ሰው ያድራል?” አለ።

“አራት።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመስቀል።”

“የልጅቷ ስም?”

ብርቄ አልተዘጋጀችም ነበር። ክርስትናው ሲደርስ ይወጣል ብለው ትተውት ነበር፤ አማቷ አንድ ስም፣ ባሏ ሌላ ስም ይዘው ይከራከሩ ነበር። “ፀዳለ” አለች። የማንኛቸውም ምርጫ አልነበረም።

“ተመዝግቧል። የጆሮ ቁጥሩ ተሰርዟል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ በረት ይታገዳል።”

ቀዩ መብራት ጠፋ። ወለሉ ገና ሞቃት ነው፤ ገለባው ግን ወዲያው ተራ ገለባ ሆነ።

እትዬ ተዋበች ቀድመው ወጥተው ነበር። በረታቸው ሩቅ አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ከበረቶቹ ጋር የተያያዘው የረድኤት መሣሪያ እጇ ላይ ጮኸ። አየችው። “ተዋበች ይመር። አንድ ሰው፣ ከብት የለም፣ የመኖሪያ ችግር አለ።” ትንሽ አንብባ፣ “‘ብርድ ጨረሰኝ፣ ካርታችሁን አስተካክሉ’ ብለው ጨምረዋል” አለች።

“እሷ ናት!” አሉ እማማ ሜሮን።

“ከላይ በኩል ያሉትን ጎረቤቶች እሳቸው ያናግራሉ” አለች ረድኤት። “ከታች በኩልስ?”

“እኔ እሄዳለሁ” አለ አስናቀ ባርኔጣውን እያነሣ።

“አንተን ማን ያምንሃል?” አለች ብርቄ። “የመዝጊያ ንግግር ያደረግኸው አንተ ነህ።”

ልጅቷን ከቆጡ ለወረዱት አማቷ አቀበለች። እማማ ሜሮን ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባቸው።

“አንቺ ልጅ! አራስ እኮ ነሽ! ክርስትናዋ ሳይደርስ ከደጅ ልትወጪ? ሰው ምን ይላል?”

“ሰው ምን እንደሚል ነው የምፈልገው እማማ። አራስ ከቤት ወጥታ በሩን ካንኳኳችበት፣ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል።”

አሮጊቷ ክርክሩን ተዉት። ልጅቷን ባዶ ደረታቸው ላይ አስገብተው ጋቢያቸውን ደረቡባት።

መሣሪያው እንደገና ጮኸ። ረድኤት አየችው፤ ቅንድቧ ተነሣ። “አባ ጥላሁን። ሰባት ሰው።”

“ሰባት?” አለ አስናቀ። “ያ ቆፍናና ‘የሰው ሽታ ለላም አይስማማም’ ሲለኝ ከርሞ ሰባት ሆነው ነው የሚያድሩት?”

“እኩሌታው እስኪሞላ ገና ብዙ ይቀራል” አለች ረድኤት፣ ድምፅዋ ግን ከቅድሙ ሞቅ ብሎ ነበር። “ፀሐይዋ ግማሽ ሰማይ ላይ ናት።”

ብርቄ ባናውን ከቆጡ ስባ ተከናነበች። ጫማ ካደረገች ሰንብታለች፤ እግሯ አብጦ የራሷ አልገባ አላት። የአስናቀን ቦት አደረገች። አስናቀ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን አሰረላት።

“መጀመሪያ እነ ፋንታዬ ጋ” አለች። “ከዚያ እነ ማናዬ። ካለቀሰች እስክመጣ በጡቴ ፋንታ ጣትህን ስጣት።”

የአምባው ነፋስ ፊቷን መታት። ከታች በኩል የበረቶቹ ጣሪያዎች ተደርድረው ይታያሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ዝም ያሉ። ወለሉ ላይ የቀረው ሙቀት እንዳይወጣ በሩን በሁለት እጇ ስባ ዘጋችው።